ከጋያ እስከ ሲጋር፦ የሐዋሳ ዙሪያ የትምባሆ ታሪክ

ሐዋሳ ከተማ ከመሆኗ በፊት ትምባሆ በአካባቢው ነበረ። ከተማዋን በ1952 ዓ.ም. የቆረቆሯት በጊዜው ሲዳሞን ያስተዳድሩ የነበሩት ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ናቸው፤ አዳሬ ይባል በነበረው የሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ መጀመሪያ ከሰፈሩት መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ይገኙበታል። የሲዳማ ገበሬ ግን ከዚያ ብዙ ትውልድ ቀደም ብሎ በጓሮው፣ ከእንሰቱ አጠገብ፣ ፍግ በሚደፋበት ለም ቦታ ላይ ጥቂት እግር ትምባሆ ይተክል ነበር። ለቤት የሚበቃውን ያስቀራል፤ የተረፈውን ገበያ ያወጣል። ዛሬ አንድ እንግዳ በሐይቁ ዳር ተቀምጦ ውድ ሲጋር ከሣጥን አውጥቶ ሲያሸት ላየ ሰው ነገሩ ሙሉ በሙሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ይመስለዋል። ሲጋሩ እርግጥ መጤ ነው። የትምባሆ ቅጠልን አሽትቶ፣ ዳስሶና ቀምሶ መመዘን ግን ለዚህ ምድር አዲስ አይደለም።

ተክሉም ቢሆን የመጣው ከሩቅ ነው። ክሪስቶፈር ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ኩባ ሲደርስ አገሩን አይተው እንዲመጡ የላካቸው ሁለት ሰዎች፣ ሮድሪጎ ደ ሄሬስ እና ሉዊስ ደ ቶሬስ፣ የደሴቲቱ ነዋሪዎች የተጠቀለለ ቅጠል ለኩሰው ጭሱን ሲስቡ አይተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ቅጠሉ በመርከብ አውሮፓ ገባ፤ ከአውሮፓ ወደ ቱርኮች ግዛትና ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች ተሻገረ፤ ከወደቦቹም ነጋዴ ወደ አፍሪካ መሀል አገባው። በየደረሰበት አገር ሕዝቡ የራሱን ዕቃና የራሱን ወግ አበጀለት።

በደቡብ ኢትዮጵያ ያ ዕቃ ጋያ ነው። ሆዱ ቅል ነው፤ ውስጡ ውሃ ይደረጋል። በቅሉ ላይ ሸምበቆ ይቆማል፤ በሸምበቆው ጫፍ ከሸክላ የተሠራ ትንሽ ጽዋ ይሰካል። ትምባሆው እዚያ ይጨመርና ፍም ይደረግበታል። አጫሹ ሲስብ ጭሱ በሸምበቆው ወርዶ፣ ውሃውን እያንቦቀቦቀ አልፎ፣ በርዶ አፍ ይደርሳል። በሲዳማ፣ በጋሞ፣ በዶርዜና በወላይታ በዕድሜ የገፉ ወንዶችም ሴቶችም ጋያ አጭሰዋል። ጋያ የችኮላ ነገር አይደለም፤ ተቀምጦ፣ ተጫውቶ፣ ለአጠገብ ሰው አቀብሎ የሚጨስ ነው። ጉዳይ ሊመክሩ በተሰበሰቡ ሽማግሌዎች መካከል ሲዞር የኖረውም ለዚህ ነው።

ለጋያ የሚሆነው ቅጠል ብዙ ጊዜ ተወቅጦ፣ ተድቦልቡሎ ወይም እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ ይሸጣል። ገዢው ዝም ብሎ ዘንቢሉ ውስጥ አይጨምረውም። ከጠርዙ ቆርሶ በጣቱ ያሻል፣ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፣ እርጥበቱን ይለካል፣ አምና ከገዛው ጋር ያነጻጽራል። ሻጯም ቅጠሉ ከየትኛው ጓሮ እንደመጣ ታውቃለች። በዚህ ግብይት ውስጥ የጥራት መለኪያው ያለው በአጫሹ አፍንጫና ጉሮሮ ነው። ስለ ሲዳማ ትምባሆ ሲወራ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል ግን የለበትም፤ ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ይህ መለኪያ ከአጫሹ እጅ እንዴት እንደወጣ የሚያሳይ ነውና።

በሰሜን ኢትዮጵያ የትምባሆ ዕድል ሌላ ነበር። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምባሆን አጥብቃ ስትነቅፍ ኖራለች። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዘመነ መንግሥታቸው (1864–1881 ዓ.ም.) ነቀፌታውን ወደ አዋጅ ከፍ አደረጉት፤ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ እንደነበር የዘመኑ የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል። የሲዳማ ምድር ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የተጠቃለለው ግን ከዚያ በኋላ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። አዋጁ ሐይቁ ዳር አልደረሰም፤ ጋያውም ሳይደናቀፍ ቀጠለ።

ጋያን ከብዙ የሲዳማ ቤት ያስወጣው የንጉሥ ቅጣት ሳይሆን ስብከት ነው። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ደቡብ ገባ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1948 የኖርዌይ ሉተራን ሚሽን ይርጋለምን መነሻው አድርጎ ሥራ ጀመረ። ወንጌላውያኑ ያስተማሯቸው አማኞች መጠጥና ትምባሆ መተውን የአዲስ ሕይወት ምልክት አደረጉት። ዛሬ በሲዳማ የፕሮቴስታንት አማኝ ብዛት ለሚያውቅ ሰው፣ የጋያ ድምፅ ለምን ከአዛውንቶች ደጅ ብቻ እንደሚሰማ መገመት አይከብደውም። ለሰው ጤና ይህ ትልቅ በጎ ነገር ነው። በጎነቱን ሳይክዱ፣ ከጋያው ጋር ስለ ዘሩ፣ ስለ አደራረቁና ስለ አመዛዘኑ የነበረው እውቀትም አብሮ እየሄደ መሆኑን መናገር ይቻላል።

ሁለተኛው ለውጥ ከመንግሥት በኩል መጣ። እ.ኤ.አ. በ1942፣ ጣሊያን ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ የትምባሆ ሥራና ንግድ በመንግሥት ሞኖፖል ሥር ገባ። አሠራሩ በዓለም የተለመደ ነበር፤ ፈረንሳይም ጣሊያንም ቱርክም ትምባሆን የግምጃ ቤት ገቢ ምንጭ አድርገውታል። ሞኖፖሉ በደርግ ዘመንም ቀጠለ፤ ኋላ ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ሆነ፤ ኒያላን የመሰሉ ሲጋራዎቹም በየሱቁ መደርደሪያና በየሊስትሮው ሣጥን ላይ ታወቁ። ድርጅቱ ቅጠሉን ካለማባቸው ቦታዎች መካከል ሸዋ ሮቢት፣ ብላቴ እና ሐዋሳ ይገኙበታል። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ፣ የብላቴ ወንዝ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርድበት ቆላ፣ ትምባሆ ከጓሮ ወጥቶ በመስመር ተተከለ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ የቅጠሉን ዓይነት ማየት ያስፈልጋል፤ የሐዋሳ ዙሪያ ትምባሆ ለምን ሲጋራ እንጂ ሲጋር እንዳልሆነ የሚታወቀው ከአደራረቁ ነው። ለሲጋራ የሚፈለገው በአብዛኛው ቨርጂኒያ የሚባለው ዓይነት ነው። ቅጠሉ ተለቅሞ በተዘጋ ጎተራ ውስጥ ይሰቀላል፤ በቱቦ የሚያልፍ ሙቀት በአንድ ሳምንት ገደማ ያደርቀዋል። ቶሎ ስለሚደርቅ ስኳሩ ውስጡ ይቀራል፣ መልኩም ቢጫ ይሆናል። ከዚያ በመልኩና በመጠኑ ይመደባል፣ ይከተፋል፣ ከሌላ ቅጠል ጋር ይደባለቃል። የፋብሪካው ድካም ሁሉ ዛሬ የተሠራችው ሲጋራ ከአምናዋ እንዳትለይ ነው። እዚያ ውስጥ የአንድ ጓሮ ጣዕም ቦታ የለውም።

የሲጋር ቅጠል የሚጓዘው ሌላ መንገድ ነው። በነፋሻ ዳስ ውስጥ ተሰቅሎ እሳት ሳይነካው ከወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ይደርቃል። ቀስ ብሎ ሲደርቅ ስኳሩ ያልቅና ቡናማ ይሆናል። ከዚያ ቅጠሉ በትልልቅ ክምር ይደረደራል። ክምሩ በራሱ ክብደትና እርጥበት ይብላላል፤ መሀሉ ይግላል፤ የአሞኒያ ሽታ ከውስጡ እየወጣ ይሄዳል። ሙቀቱ ከልኩ እንዳያልፍ ሠራተኞች ክምሩን አፍርሰው የውጩን ወደ ውስጥ፣ የውስጡን ወደ ውጭ እያገላበጡ ደጋግመው ይከምሩታል። ይህ ወራት ይፈጃል። ለጥሩ ሲጋር የሚሆነው ቅጠል ከዚያም በኋላ ታስሮ ለዓመታት ይቀመጣል።

የሐዋሳ ሐይቅ ያረፈው በጥንት እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአካባቢው አፈር ብዙ የእሳተ ገሞራ አመድ አለው። በኒካራጓ የኤስቴሊ ሸለቆ ለሲጋር ቅጠል ስም ያወጣለትም የእሳተ ገሞራ አፈር ነው። በአፍሪካም ካሜሩን ለሲጋር የላይ መጠቅለያ በሚሆን ቅጠሏ ከአሜሪካ እስከ አውሮፓ ትታወቃለች፤ ዘሩ ከሱማትራ የሄደ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የሲዳማ ምድር ታላቅ የሲጋር ቅጠል ያበቅል ነበር ማለት ግን ድፍረት ይሆናል። አፈር ብቻውን ሲጋር አይሆንም፤ ዘርና ዳስ፣ ገበያና በትውልድ የሚወረስ እጅ ይፈልጋል። ሞኖፖሉ የተቋቋመው ለዚያ አልነበረም፤ ዓላማው ለአገር ውስጥ ገበያ ሲጋራ ማቅረብና ለመንግሥት ገቢ ማስገኘት ነበር፤ ያንንም አደረገ። ዋጋው ምን ያህል እንደነበረ ኋላ ታየ፤ ጃፓን ቶባኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የድርጅቱን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በቀጣዩ ዓመት 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ አደረሰ።

ሲጋር ራሱ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ከእንግዳ ጋር ነው። ከጣሊያኖች ትምባሆ የታወቀው ቶስካኖ፣ በጭስ ከደረቀ የኬንታኪ ቅጠል የሚሠራ፣ ጠቆር ያለና ጠንካራ ሲጋር ነው፤ ልማዱም ለሁለት ቆርጦ በግማሽ ማጨስ ነው። ስለ አመጣጡ የሚነገረው ታሪክ ደስ ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1815 በፍሎረንስ ዝናብ የመታው የትምባሆ ክምር ከመጣል ይልቅ እንዲደርቅ ተደረገ፤ በእርጥበቱ ተብላልቶ ስለነበር ከእሱ የተጠቀለለው ርካሽ ሲጋር ተወደደ ይባላል።

ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚቀርበው ግን ኩባዊው ሲጋር ነው። ፊደል ካስትሮ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጡ። በዓመቱ ከ15 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮች በኦጋዴን ጦርነት ከኢትዮጵያ ጎን ተሰለፉ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ተገኘ። ካስትሮ በመስከረም 1971 ዓ.ም. ለአብዮት በዓል ተመልሰው መጡ። በጦርነቱ የወደቁ ኩባውያን መታሰቢያ ዛሬም በአዲስ አበባ ትግላችን ሐውልት ላይ አለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችም ወደ ኩባ ተልከው በኢስላ ደ ላ ሁቬንቱድ ደሴት ትምህርት ቤቶች ተማሩ፤ ካደጉ በኋላ ሐኪም፣ መሐንዲስና የግብርና ባለሙያ ሆነው የተመለሱ ብዙ ናቸው። በዚያን ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ሲጋር ሲባል ወደ ሰው ዓይን የሚመጣው ጺማሙ መሪ ነበር። ካስትሮ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ማጨስ አቁመዋል፤ ሕዝባቸውን ስለ ጤና ለመምከር ራሴ አርአያ ልሁን ብለው።

ለካስትሮ ይጠቀለል የነበረው ሲጋር ኮሂባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ሲጀመር ለመሪውና ለአገር እንግዶች ስጦታ ብቻ ነበር፤ ለገበያ የወጣው በ1982 ነው። ከኩባ የተሰደዱ የትምባሆ ቤተሰቦችም ዘራቸውንና ሙያቸውን ይዘው በዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ በሆንዱራስና በኒካራጓ ሥራ ጀምረዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1962 በኩባ ላይ የንግድ ማዕቀብ ስለጣለች የአሜሪካ አጫሽ ከኩባ ውጭ ያለውን መቅመስ ተማረ። ዛሬ አንድ ሰው አዲስ የሚወደው ሲጋር ፍለጋ ሲወጣ ምርጫው ይህን ያህል የሰፋው በዚያ ስደት ምክንያት ነው።

ታዲያ ሲጋር እንዴት ይመዘናል? በእጅ የተጠቀለለ ሲጋር ሦስት ክፍል አለው። ከውስጥ የታጠፉ ረጃጅም ቅጠሎች፣ እነሱን የሚይዝ ማሰሪያ ቅጠል፣ ከላይ ደግሞ ልስልስና ሙሉ የሆነ መጠቅለያ ቅጠል። የውስጡ ቅጠል ከተክሉ የተለያየ ቁመት ላይ ይለቀማል። ከላይ ፀሐይ የጠገበው ሊጌሮ ወፍራምና ኃይለኛ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ከመሀል ይገባል። ከመካከል የሚለቀመው ሴኮ መዓዛ ይሰጣል። የታችኛው ቮላዶ እሳቱ እንዳይጠፋ ይረዳል። ጠቅላዩ ቻቬታ በምትባል፣ ግማሽ ጨረቃ በምትመስል ስለት ቅጠሉን ይቆርጣል፣ በመዳፉ ያሽከረክራል፣ ጫፉን ሽታ በሌለው የዛፍ ሙጫ ያጣብቃል።

መዛኙ መጀመሪያ በዓይኑና በጣቱ ይሠራል። መጠቅለያው ላይ የጎላ ጅማት አለ? መልኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው? በሁለት ጣት ቀስ ብሎ ሲጫኑት የሚጎድልበት ወይም የሚጠጥርበት ቦታ አለ? ያለ ቦታው የሚጠጥር ከሆነ ሲለኮስ ጭሱ ይታፈናል። ከዚያ ጫፉን ቆርጦ ሳይለኩስ ይስባል፤ የቅጠሉ ጣዕም ገና ያለ እሳት ምን እንደሚመስል የሚገልጥ ስበት ነው። ሲለኩስ እሳቱን ከሲጋሩ ትንሽ አርቆ እያዞረ ጫፉን ያሞቃል። ጭሱ ወደ ሳንባ አይወርድም፤ አፍ ውስጥ ቆይቶ ይወጣል። አመዱ ሳይረግፍ ከቆየ የውስጡ ቅጠል ረጅምና በደንብ የታጠፈ ነው። ሲጋሩ ሲጀምር፣ ሲጋመስና ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ጣዕሙ ይለዋወጣል፤ ጥሩ ነው የሚባለው ለውጡ ሳይመርር የሚያልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተው ሲጋር አፊሲዮናዶ መጽሔት የሲጋሩን ስም የያዘውን ቀለበት አስወልቆ ለቀማሾች እያቀረበ ከ100 ነጥብ የሚሰጥበትን አሠራር በሰፊው አስለመደ።

ስሙን ደብቆ ቀምሶ ከ100 ነጥብ መስጠት ለሐዋሳ ሰው እንግዳ አይደለም። ከተማዋ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና ቅምሻ ማዕከል ካላቸው ከተሞች አንዷ ናት። የሲዳማ ቡና በናሙና እየተወሰደ፣ ቀለል ተደርጎ እየተቆላ፣ እየተፈጨ ሲኒ ውስጥ ይገባል። የፈላ ውሃ ይፈስበታል፤ ቀማሹ አራት ደቂቃ ያህል ጠብቆ በማንኪያ ጀርባ አናቱን ይሰብራል፣ ተጎንብሶ ያሸታል፣ ከዚያ በድምፅ ፉት ብሎ በመላ ምላሱ ላይ ይበትነዋል። መዓዛ፣ ክብደት፣ አፍ ላይ የሚቆይ ጣዕም፣ የጣዕሞች ሚዛን፤ ሲጋር መዛኙም የሚፈልገው ከአሲዱ በቀር እነዚህኑ ነው። በዓለም ላይ 80 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ልዩ ቡና ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማው አቶ ንጉሤ ገመዳ ቡና ሲሆን፣ በጨረታው አንድ ፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ተሸጧል። የቀማሽ ምላስ የአንድን ጓሮ ስም ሲያወጣ ለገበሬው የሚያደርገው ነገር ይህ ነው። የሲዳማ ትምባሆ እንዲህ ያለ ቀማሽ አላገኘም፤ ከአዛውንቶቹ በቀር።

አሁን ደግሞ ማጨስ እየጠበበ የሚሄድ ልማድ ነው፤ መጥበቡም ተገቢ ነው። ሲጋርም ቢሆን ወደ ሳንባ ስላልተሳበ ከአፍና ከጉሮሮ ካንሰር አያድንም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልበት ቤትና በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስን ከለከለ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን አገደ፣ ፓኮው ላይ ከ70 በመቶ ያላነሰ የሥዕል ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ አዘዘ። በተከታዩ ዓመት የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በሲጋራ ላይ ከ30 በመቶ ታክስ በተጨማሪ በየፓኮው 8 ብር ጣለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የአዋቂዎች ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ከመቶ 5 ሰው ያህል ነበር፤ ከአፍሪካም ከዓለምም ዝቅተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። በሐዋሳ ሆቴሎች የሲጋር ክፍል የሚባል ነገር ሊለመድ አይችልም፤ ሕጉ በር ላይ ያቆመዋል።

ይህ ሁሉ የሆነው የመጨረሻዎቹ የጋያ አጫሾች በሕይወት ባሉበት ጊዜ ነው። የኩባን ቅጠል አደራረቅ፣ የክምሩን ሙቀትና የጠቅላዩን ስለት ስም ማንም ሰው በመጽሐፍ ያገኛል። የሲዳማ እናት ከእንሰት ጓሮዋ የትኛውን የትምባሆ እግር ለዘር እንደምታስቀር፣ ቅጠሉን ስንት ቀን በጥላ እንደምታቆይ፣ አዛውንቱ አንዱን ቂጣ ይዞ ሌላውን የሚመልስበት ምክንያት ምን እንደሆነ ግን የሚነግሩን እነሱ ብቻ ናቸው። ሐዋሳ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የሲዳማ የባህል አዳራሽም አለ። ሰው ወደ ማጨስ ሳይጋብዙ ጋያውን ከነሸክላ ጽዋው፣ ከነሸምበቆው በመደርደሪያ ማኖር፣ አዛውንቶቹን አስቀምጦ በሲዳምኛ ድምፃቸውን መቅረጽ፣ የዘሩን ዓይነት ከነስሙ መመዝገብ ይቻላል። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አዛውንቶቹ ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ መጀመር ያለበትም በዚህ ዓመት ነው።